ባሕረኛው መንግሥትና የስሜን ተራራ

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በተማሪዎች የጽሑፍ ሰሌዳና በሥነ ጽሑፍ ምሽቶቻችን ላይ አንድ አገር ደጋግሞ ብቅ ይላል። ይህ አገር ደሴት ነው። በካርታ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ንጉሥ አለው፤ መርከቦች አሉት፤ በንጉሡና በወንድሙ መካከል ጠብ አለ፤ በመጨረሻም ማዕበል ይነሣና ክፉው ወንድም ይሰጥማል። የንጉሡ ስም ለእንግሊዝ ልጅ የወጣ ይመስላል። ጸሐፊዎቹ ልዩ ልዩ ቢሆኑም አገሩ አንድ ነው፤ አንዱ የሠራውን ወደብ ሌላው ስሙን ለውጦ ይገባበታል።

ነገሩ ክርክር አስነሥቷል። ከመምህሮቻችንና ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፥ «በደባርቅ ብርድ እየተንቀጠቀጠ የሚማር ልጅ ስለ ባሕር ምን ያውቃል? ከደጁ የሚያርሰውን ገበሬ ትቶ የሌለ መርከብ ማሳደድ ሥራ ፈትነት ነው» ይላሉ። ጸሐፊዎቹ ደግሞ፥ «ልብ ወለድ ነው፤ በልብ ወለድ አገር ማን ቀረጥ ይጠይቀናል?» ብለው ይመልሳሉ። እኛ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ሁለቱንም ወገን ሰምተናል፤ ከሁለቱም አንስማማም። ባሕረኛ መንግሥት መፍጠር ለደባርቅና ለዳባት ተማሪ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም ለዚህ ሥራ ከእኛ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ተማሪ በአገሪቱ ውስጥ ጥቂት ነው ብለን እናምናለን። ዳሩ ግን «ቀረጥ የሚጠይቅ የለም» የሚለውን መልስ አንቀበልም። የነዚያ ደሴቶች ጉድለት እዚሁ ላይ ነውና፤ ቀረጥ የሚጠይቅ የለባቸውም።

በነዚያ ድርሰቶች ውስጥ ማንም ሰው አይበላም። እኽሉ ከየት እንደሚመጣ አይነገርም። (ስለ ምግብ ከማንም ይልቅ የሚያስበው ተማሪ ምግብ መርሳቱ ያስደንቃል፤ የአዳራሹን ሽሮ ነገር ግን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ሸራውን የሰፋው ማን ነው? ጨርቁስ በምን ተገዛ? መርከቡ ተሰብሮ ዕቃው ወደ ዳር ሲወጣ የማን ይሆናል፥ የነጋዴው ነው ወይስ ያገኘው ሰው? ባሕር የበላው መርከበኛ ሬሳው ሳይገኝ ሚስቱ መቼ ታለቅሳለች፥ መቼስ እንደገና ታገባለች? በእውነተኛ የባሕር ዳር አገር ሰው ሌሊቱን የሚከራከረው በነዚህ ላይ ነው፤ ባህል የምንለውም ከነዚህ ይወለዳል እንጂ ከዘውዱ ቅርጽ አይደለም።

ጦርነቱም እንዲሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። «አንድ ሺህ ሰው አለቀ» ይባልና ሠርጉ ይቀጥላል። ይህንን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢጽፈው ዝም ልንል እንችል ይሆናል። በ2021 ክረምት ማብቂያ (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ጦርነቱ ከዳባት አጠገብ ጭና ተክለ ሃይማኖት በደረሰ ጊዜ የሞቱት ተዋጊዎች ብቻ አልነበሩም፤ በቤታቸው የነበሩ ገበሬዎችና ቤተ ሰቦቻቸውም ናቸው። ከመካከላችን እነዚያን ቤተ ሰቦች የሚያውቅ አለ። እንግዲህ የዚህ አገር ልጅ በደሴቱ ላይ አንድ ሺህ ሰው ሲገድል፥ ቢያንስ አንዱን በስሙ ጠርቶ፥ አልቃሽ አቁሞ፥ ተዝካሩን አስቦ ይቅበርልን።

ይህን ስንል ልብ ወለድን ወደ ታሪክ መጽሐፍ እንለውጠው ማለታችን አይደለም። እውነተኛው ምክንያት ከተረቱ ይልቅ ለድርሰት እንደሚበጅ ግን አንድ ምሳሌ እናሳይ። በስድስተኛው መቶ ዓመት ፕሮኮፒዮስ የተባለ የቢዛንጥያ ታሪክ ጸሐፊ በቀይ ባሕርና በሕንድ ባሕር ስለሚሄዱት መርከቦች ጽፏል። ሳንቃዎቻቸው በምስማር አልተመቱም፤ በገመድ የተሰፉ ነበሩ። ለምን ቢባል፥ ብዙ ሰው ያወራ የነበረው በዚያ ባሕር ብረት የሚስብ ዐለት አለ፤ ምስማሩን ከመርከቡ ነቅሎ ይወስደዋል እያለ ነው። ፕሮኮፒዮስ ይህን አልተቀበለም፤ ብዙ ብረት ያለባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር ሲመላለሱ ምንም አይደርስባቸውም አለ። የእርሱ ምክንያት ሌላ ነው። ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ለዚህ የሚሆን ብረት የላቸውም፤ ከሮማውያን እንዳይገዙም ሕግ ይከለክላል፤ ብረት ሲሸጥላቸው የተያዘ ሰው በሞት ይቀጣል። ዛሬ የመርከብ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ የተሰፋ መርከብ ዐለትና አሸዋ ሲመታው ቶሎ ስለማይሰበር ሆን ተብሎም ይመረጥ እንደ ነበር ያስረዳሉ።

አሁን ጓደኞቻችን ይፍረዱ። ብረት የሚስበው ተራራ ለአንድ ምሽት ያስደንቃል፤ ከዚያ በኋላ ምን ይደረግበታል? ከክልከላው ግን አንድ ሙሉ አገር ይወጣል። ምስማር በቀሚሱ ጠርዝ ሰፍቶ የሚያሻግር ሰው ይወጣል። እርሱን የሚጠብቅ ዘበኛ፥ ለዘበኛውም ጉቦ የሚቀበል አለቃ ይኖራል። በወደቡ ላይ ከባለ ወርቁ ይልቅ የሚከበረው ገመድ ፈታዩ ይሆናል፤ ልጃገረዲቱን ለመርከብ ሰፊ መዳር ትልቅ ጋብቻ ይባላል፤ «ገመድህ ይርጠብ» የሚል ስድብ ይፈጠራል። ከአንድ የንግድ ሕግ ይህን ያህል ይገኛል። የደሴቱ ባህል ማለት ይኸው ነው።

ይህ ባሕረኛ መንግሥት በእውን ነበረ። ስሙ አክሱም ነው፤ ወደቡም ዛሬ በኤርትራ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ፍርስራሹ የሚገኘው አዱሊስ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት መካከል የተጻፈውና ለነጋዴዎች መንገድ የሚያሳየው የቀይ ባሕር መጽሐፍ ከወደቡ ፊት ለፊት ስላለች አንዲት ደሴት ይናገራል። ነጋዴዎች ከየብስ የሚመጣባቸውን አደጋ ፈርተው መርከባቸውን በዚያች ደሴት ጥግ ያቆሙ ነበር። የደሴቲቱ ስም በጽርዕ ቋንቋ ኦሬይኔ ይባላል፤ ትርጓሜውም ተራራማ ማለት ነው። የዝሆን ጥርስ፥ የኤሊ ድንጋይና የአውራሪስ ቀንድ ከዚያ ወደብ ይወጣ ነበር፤ ንጉሡ ዞስካሌስም ጽርዕ የሚያነብና ለገንዘቡ ስስታም ነበር ይለናል። ንጉሥን በስስቱ የሚያስታውስ ነጋዴ ከመቶ ምስጋና ዘማሪ ይሻላል።

በ525 ደግሞ አጼ ካሌብ ወደ ሒምያር፥ ማለት ወደ የመን፥ ሠራዊታቸውን በባሕር አሻግረዋል። ስለ ናግራን ሰማዕታት የተጻፈው መጽሐፍ የተሰበሰቡትን መርከቦች ከየወደቡ ስም ጋር ይቈጥራል፤ ድምሩ ሰባ ያህል ይሆናል። አብዛኞቹ በአገር የተሠሩ ሳይሆኑ ከሌላ ወደብ የመጡ ነበሩ። ይህም ለጸሐፊ ጥሩ ነገር ነው፤ ባሕረኛ መንግሥት ሁሉ መርከብ የራሱ ነው ማለት አይደለም፤ የሚበደርም አለ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለስሜን ምኑ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ለደባርቅ ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በ518 ገደማ አዱሊስ በደረሰ ጊዜ በአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የጽርዕ ጽሑፍ አግኝቶ ገልብጧል። ጽሑፉን ያስቀረጸው ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የነገሠ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ስሙ አልደረሰንም። ንጉሡ ያስገበራቸውን አገሮች ሲቈጥር ከዓባይ ማዶ (እርሱ የሚለው ተከዜን ነው) ያሉትን የስሜን ሰዎች ይጠራል። አገራቸው መውጫ የሌለው ተራራ፥ ዓመቱን ሁሉ በረዶና ውርጭ ያለበት፥ በረዶውም የሰው ጕልበት የሚውጥ ነው ይላል። በዚያው ጽሑፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ በመርከብና በእግር ሠራዊቱን ወደ ማዶ ልኮ የዐረብን ዳርቻ ሰዎች እንዳስገበረ፥ የባሕሩንና የየብሱን መንገድ በሰላም እንዲጠብቁ እንዳዘዛቸው ይናገራል። በመጨረሻም ወደ አዱሊስ ወርዶ በባሕር ለሚጓዙት ሰዎች ለጣዖቶቹ መሥዋዕት አቅርቧል፤ ከነዚያም አንዱ ጽርዖች የባሕር አምላክ የሚሉት ፖሲዶን ነው። የስሜን በረዶና የባሕር አምላክ በአንድ ድንጋይ ላይ ተጽፈዋል። ተማሪያችን ደሴት ፍለጋ እስከ እንግሊዝ ተረት ድረስ የሚሄደው ይህንን ጐረቤት ሳይጠይቅ ነው።

ኮስማስ ከጽሑፉ ቀጥሎ ከራሱ አንዲት ነገር ይጨምራል። የአክሱም ንጉሥ በግዞት የፈረደበትን ሰው የሚልከው ወደዚሁ ወደ ስሜን ነው ይላል። ስለዚህች አንዲት ቃል አዘጋጆቹ በመካከላችን ሁለት ሳምንት ተነጋግረናል። ባሕረኛው መንግሥት የጠላውን ሰው ከባሕር አርቆ ወደዚህ ብርድ ይሰደዋል። ግዞተኛው ማን ነው? የወደብ ሹም ይሆን? ቀረጥ የሰረቀ? ምስማር ያሻገረ? ከአዱሊስ ሙቀት በቀጭን ልብስ ተነሥቶ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ ገደሉን ሲወጣ፥ የመጀመሪያውን ውርጭ ሲረግጥ ምን መሰለው? ገብስ ሲያበሉት ምን አለ? የስሜን ሰውስ ስለ ባሕር የሰማው ከእንደዚህ ያለው ሰው አፍ አይደለምን? ልጁ ተራራ ላይ ተወልዶ፥ አባቱ የሚነግረውን ባሕር ሳያይ ቢያረጅ፥ እርሱ ስለ ባሕር ቢያወራ ሥራ ፈት ልንለው ነውን?

ደግሞም ስሜን ራሱ ደሴት ነው። ይህን የምንለው ለማማር አይደለም። ስለ ተፈጥሮ የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደዚህ ያለውን ከፍተኛ ተራራ የሰማይ ደሴት ይሉታል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከራስ ዳሸን ዙሪያ ያለው ሙቅ ቈላ ለደጋው እንስሳና ተክል እንደ ባሕር ነው፤ አይሻገሩትም። ስለዚህ ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም አይገኝም። ጅብራው በብርዱ የቆመው፥ ቀይ ቀበሮውም ከሌላው ተራራ ወገኑ ተለይቶ የቀረው በዚሁ ነው። በክረምት ጠዋት ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ጉሙ ቈላውን ሲሞላው፥ አምባዎቹም ጫፋቸው ብቻ ሲቀር አይቶ እንደሆነ፥ ምን ማለታችን እንደሆነ ለማስረዳት ቃል አናባክንም።

ደሴት ካለ ወደብ አለ። ደባርቅ የዚያ ደሴት ወደብ ናት። በቅሎ ነጂው፥ መንገድ መሪው፥ ጠመንጃ ይዞ የሚከተለው የፓርክ ጠባቂ፥ የገበያው ሴት፥ ሁሉም የሚኖሩት በሚወጣውና በሚወርደው ነው። ገብስና ነጭ ሽንኩርት ይወርዳል፤ ጨው፥ ዘይትና ሳሙና ይወጣል። እዚህ የሚያድር እንግዳ፥ እዚህ የሚጠብቅ ጭነት፥ እዚህ የሚጣሉ ደላሎች አሉ። የወደብን ጠባይ ለመማር የገበያ ቀን አንድ ጠዋት ማሳለፍ ይበቃል፤ የሚጐድለው ውኃው ብቻ ነው።

ደሴቱን ለቀው የወረዱም አሉ። በ1969 በሕግ የተቋቋመው የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። በመካከሉ፥ በ2016፥ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች ከተራራው ወርደው ደባርቅ ሰፈሩ። ሣሩና እንስሳው እንዲያገግም የታሰበ ነው፤ እኛም ዋልያ ይጥፋ አንልም። ሆኖም ከገብስ ማሳና ከበጎቻቸው ወርደው የከተማ ሰው የሆኑ ሰዎች ከመኝታ ቤታችን የእግር መንገድ ያህል ርቀው ተቀምጠው ሳለ፥ ሕዝቡ ደሴቱን ለቆ ስለ መሰደዱ በፈረንጅ ስም የተጻፈ ድርሰት ሲነበብ እንሰማለን። ሄዶ የጠየቃቸው ጸሐፊ እስካሁን አላገኘንም። በግጭ ላይ ንፋሱ ከየት ሲነፍስ ምን ይሉት እንደ ነበር፥ ጉሙ ሲዘጋ መንገዱን በምን ያውቁት እንደ ነበር፥ እነዚያ ቃላት ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብረው ያልፋሉ። ከተራራው ውጭ የሚጠቀምባቸው ማን ነው?

ስለ ጠፋ መንግሥት ከተነሣ ስሜን የራሱ አለው። ቤተ እስራኤል በዚህ ተራራ ላይ ለብዙ ዘመን የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው። ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አጼ ሠርጸ ድንግል በራዳይ፥ በኋላም በጐሼን ላይ ዘመቱ፤ አጼ ሱስንዮስም በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጌዴዎንን ኃይል ሰበሩ። የሠርጸ ድንግል ዜና መዋዕል ከማራኪዋ ጋር የታሰረች አንዲት ሴት አምላኳን ጠርታ፥ እርሱን አስከትላ ገደል እንደ ገባች ይተርካል። ልብ በሉ፤ ይህን የጻፈው የአሸናፊው ጸሐፊ ነው። ተሸናፊዎቹ የጻፉት ዜና መዋዕል አልተገኘም። ያን መንግሥት የምናውቀው ባጠፉት ሰዎች ብዕርና፥ ቤተ እስራኤል ለልጆቻቸው በቃል ባወረሱት ነው። ልጆቻቸውም አብዛኞቹ ዛሬ እዚህ የሉም፤ በ1984 መጨረሻና በ1985 በሱዳን በኩል፥ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፥ ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሴቲቱን ስም ዜና መዋዕሉ አይነግረንም። የልብ ወለድ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አሸናፊው ሳይጠይቅ ካለፈው። በደሴቱ ላይ ክፉውን ወንድም ከማስጠም በፊት እርሱ ቢጽፍ ምን ይል እንደ ነበር ማሰብ ለጸሐፊ ግዴታ ነው እንላለን።

ይህን በብርቱ የምንናገርበት ሌላም ምክንያት አለን። እኛ ራሳችን ለረጅም ዘመን የሰው ልብ ወለድ ሆነን ኖረናል። በ1165 ገደማ ካህኑ ዮሐንስ ከሚባል ንጉሥ ተላከ የተባለ ደብዳቤ በአውሮጳ ይዞር ጀመር። ንጉሡ አልነበረም፤ ደብዳቤውም እዚያው አውሮጳ የተፈጠረ ነው። ወንዙ ዕንቍ የሚያወርድ፥ ድኻና ሌባ የሌለበት መንግሥት ነው። አውሮጳውያን መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ በኋላ ግን ኢትዮጵያ ናት አሉ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች መጥተው እስከ 1526 ተቀምጠዋል፤ ከነርሱ አንዱ አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጻፈ፤ አንበጣ፥ የገበያ ጨው፥ የድንኳን ከተማ። መጽሐፉ በ1540 ሲታተም ግን አርእስቱ ላይ የተቀመጠው ያው የካህኑ ዮሐንስ ስም ነበር። የሐሰት ስም እውነተኛውን አገር እንዲህ ያለብሰዋል። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ራሴላስን ሲጽፍ የአማራን ልዑላን በደስታ ሸለቆ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ እርሱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አያውቅም፤ የአንድ ፖርቱጋላዊ ካህን የጉዞ መጽሐፍ በወጣትነቱ ተርጕሞ ነበር እንጂ። መጽሐፉ ግሩም ነው፤ ወደ አማርኛም ተመልሷል፤ ነገር ግን በዚያ ሸለቆ ውስጥ እንጀራ የሚጋግር ሰው ፈልገን አጥተናል። ሰዎች እኛን ሳያውቁ እንደ ፈጠሩን እያማረርን፥ እኛ ደግሞ የማናውቀውን የእንግሊዝ ደሴት ብንፈጥር ምን ተሻልን?

አንድ አስቸጋሪ ነገር ይቀረናል፤ አልፈነው ብንሄድ ታማኝነት አይሆንም። ከ1993 ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም። ስለ ባሕር የሚጻፍ ድርሰት ሁሉ ከዚህ ናፍቆት ጋር ይነካካል። ናፍቆቱ አዲስ አይደለም፤ የስሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ስሜንና ትግሬን ይዘው ዓይናቸው ከምጽዋ ዳርቻ አልተለየም ነበር፤ በ1855 ግን ደረስጌ ላይ በካሣ ድል ሆኑ፤ ካሣም እዚያው ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የወደብን ክርክር ለመሪዎችና ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወዋለን። ለጸሐፊ ግን የምንለው አለን፤ አዱሊስን ለድርሰት መዋስ ሌላ ነው፤ አዱሊስን በድርሰት ለመውሰድ መሞከር ሌላ። በዚያ ዳርቻ ዛሬ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ፤ የእርሱም አያቶች በዚያ ታሪክ ውስጥ አሉ። በደሴቱ ላይ የሚወረር ወደብ ካለ፥ የወደቡ ሰው አፍ ይኑረው።

«ውኃ አናውቅም» የሚለው ምክንያት ደግሞ ከጐንደር በታች አይሠራም። ከዚህ አንድ ቀን በማይሞላ የመኪና ጉዞ ጣና አለ፤ ደሴቶቹም ገዳማቱም አሉ። ነገደ ወይጦ ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ውኃ እየጠጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይከብዳል፤ ከዚያ ሌላ ይሠራል። ቋሚ መርከብ የሌለው ባሕረኛ ስለ ንብረት ምን ያስባል? ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ራ የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቈረጠ ደንገል ነው፤ ከሞሮኮ ተነሥታ አብዛኛውን አትላንቲክ ከተሻገረች በኋላ ተበላሽታ ተተወች። ባሕር ዳር ላይም በእኛ ዘመን ለውጭ መርከቦች የሚሠሩ መርከበኞች ይሠለጥናሉ፤ ከደጋ ወርደው ዛሬ በሕንድ ባሕር ላይ የመርከብ ሞተር የሚጠብቁ የአገራችን ልጆች አሉ። የዕረፍት ጊዜያቸውን አገር ቤት ሲያሳልፉ ያገኘ ሰው ይጠይቃቸው። «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል እንኳ ለድርሰታችን ያወረሰን በ1908 ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ አርእስት ነው፤ አፈወርቅም የዘጌ ሰው ናቸው፤ ዘጌ ደግሞ ሦስት ወገኗ ውኃ ነው።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ደሴቱን ከጽሑፍ ሰሌዳው አናወርደውም፤ መምህሮቻችንም እንዲታገሡን እንለምናለን። ነገር ግን ሁላችንም በየግላችን አንድ ዓይነት ደሴት ከምንሠራ፥ አንድ መንግሥት በጋራ እንሥራና በዚህ ጋዜጣ በተከታታይ እናውጣ። አንዱ የወደቡን ቀረጥ ይጻፍ፤ ሕግ የሚማረው የተሰበረ መርከብ ዕቃ የማን እንደሆነ ይፍረድልን፤ የእርሻ ተማሪው ደሴቱ ምን እንደሚያበቅል ይወስን፤ አንዷ የለቅሶውን ሥርዐት፥ አንዷ የመሐላውን ቃል ትያዝ። የሰውና የቦታ ስም ከዚህ አገር አፍ ይውጣ። የግጭን ሰዎች ለመጠየቅ የሚሄዱ አራት ተማሪዎች እንፈልጋለን፤ ሽማግሌዎቹን አባባ፥ እማማ ብለው፥ ፈቃድ ጠይቀው፥ ቡና ይዘው ይሂዱ፤ የሰሙትን ቃል ሳያሳምሩ እንደ ተነገረ ይጻፉት።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ግዞተኛው ነው። ከአዱሊስ ተነሥቶ ተከዜን ተሻግሯል፤ ገደሉን በግማሽ ወጥቷል፤ ጉሙ ከበታቹ ተዘርግቷል፤ ከላይ የሚወርድ አንድ ገበሬ አግኝቶታል። የሁለቱ ንግግር በምን ቋንቋ እንደ ሆነና መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደ ሆነ ለጸሐፊው ትተናል። እስከ ጥምቀት ዕረፍት ድረስ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ይግባ፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ስቴንስሉ ውድ ነው።